የሰለሞን ጀርባ

እኔ መንፈስ፣ ጥላ፣ ምናምን የሚባል ነገር አምኜ አላውቅም፣ ፎቶ አንሺ ከብርሃንና ከማጠቢያው መድኃኒት ሌላ ምን ያምናል? ሙያውንም ያስተማረኝ የለም፣ በራሴ ነው የለመድኩት፣ በደርግ ጊዜ ጉለሌ ውስጥ መንገደኛን እሱ ሳያውቅ አሳምሮ የሚያነሳ ማን ነበር ብትሉኝ ከራሴ ሌላ የምጠራላችሁ ሰው የለም።

ያኔ ካሜራ ወደ ዓይን ካነሳህ አብዮት ጠባቂ ከየት መጣ ሳትል ይደርስብሃል፣ ስለዚህ ካፖርቴን ከፈት አድርጌ ከደረቴ ላይ፣ ሳላይ ማንሳት ጀመርኩ። መጀመሪያ የሚወጣልኝ ሰማይና ጉልበት ብቻ ነበር፣ በኋላ ግን ሰው መከተሉን ትቼ ጥሩ ብርሃን ያለበት ጥግ ቆሜ መጠበቅን ተማርኩ፣ ሰው ራሱ ይመጣል። ሞክሩት።

አንድ ቀን ከሰዓት ጎረቤቴ እትዬ ብዙነሽ መጡ። አንድያ ልጃቸውን ሰለሞንን አብዮት ጠባቂዎች ከቤት ከወሰዱት ዓመት አልፎታል፣ ቤቱን ሲፈትሹ ፎቶዎቹንም ይዘው ሄደዋል፣ እሳቸው ብቻቸውን ቀርተዋል።

«አገር ምድሩን ስታነሳ የኔ ልጅ አንድ ቀን አላለፈብህም? መልኩ እየጠፋብኝ ነው እኮ፣ ታዴ» አሉኝ።

ስፈልግ አንድ ኔጋቲቭ አገኘሁ፣ ሰለሞን ከአዲሱ ገበያ ወደ ቁስቋም ሽቅብ ሲሄድ፣ አጥር ስር የተቀመጠችን ሽንኩርት ሻጭ አልፎ፣ ጀርባውን ሰጥቶ። ጓዳ ገባን፣ ቀይ አምፖሌን አበራሁና አተምኩላቸው።

«ጀርባውን ምን ላድርገው?» አሉ።

ጎላ አድርጌ ደገምኩት። ወረቀቱ መድኃኒቱ ውስጥ እያለ ጠጠር ላይ የሚራመድ ጫማ ሰማሁ፣ ደጅ ነው ብዬ ተውኩት። ምስሉ ሲወጣ ግን፣ እመኑኝ፣ አንገቱ ትንሽ ዞሯል። ኔጋቲቩን መብራት ላይ ይዤ አየሁት፣ ያው ጀርባ ነው። ሌላ አተምኩ፣ ጫማው ቀረበ፣ ጉንጩና የአፍንጫው ጫፍ ታየ። ኔጋቲቩን እንደገና አነሳሁት፣ አሁንም ጀርባ ነው።

እሳቸው አልደነገጡም። «ሲጠሩት ቶሎ አይዞርም፣ ልማዱ ነው። ድገመው።»

«የቀረኝ ወረቀት አንድ ነው፣ እትዬ፣ ሌላ ከየትም አላገኝም።»

«እና በሱ ነው የምትሰስትብኝ? ድገመው አልኩህ!»

ደገምኩት። አሁን ጫማው አልተሰማም። መንገዱ ወጣ፣ አጥሩ ወጣ፣ ሽንኩርት ሻጯ ወጣች፣ ሰለሞን በነበረበት ቦታ ጠጠር ብቻ ነው። ልጁን ዳግመኛ ያጠፋሁባቸው መሰለኝ። እትዬ ብዙነሽ ግን ወረቀቱን ከነውሃው ተቀብለው አዩና ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሱ።

«መንገድ ጀምሯላ! እኔ ደግሞ ቤቱን ቆልፌ ነው የመጣሁት!» ብለው እየሮጡ ወጡ።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ በደጃቸው ሳልፍ በሩ ገርበብ ብሏል። «እጅህን ታጠብ፣ ወጡ ሳይቀዘቅዝ» ሲሉ ሰማሁ፣ ወዲያው ውሃ ሳፋ ላይ ሲንቆረቆር። እኔ ፈሪ አይደለሁም፣ ሰፈሩን ጠይቁ። ግን አላንኳኳሁም።