ንግሥቴን ይዣለሁ

«ይሄይስ ንግሥቴን በካርታ አስይዞ ተበላ አሉ።»

እትዬ ማሚቱ ይህችን ወሬ መጀመሪያ ምንጭ ዳር አወሯት። በማግሥቱ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ ቅዳሴ ሳይወጣ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ደገሟት። የማንኩሳ ሰው ሁሉ ከሰማ በኋላ ደግሞ ወደ ወንድማቸው ልጅ ወደ ንግሥቴ እየተመላለሱ፣ ሁልጊዜ አዲስ ነገር እንደያዘ ሰው ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ ይነግሯት ጀመር።

ንግሥቴ ግቢው ውስጥ ሰሌን ላይ የተሰጣውን በርበሬ ታገላብጣለች። ቀና አላለችም።

«እትዬ፣ ትናንትም ነግረውኛል።»

«ትናንት አስይዞሻል ነው ያልኩሽ። ዛሬ ተበልተሻል ነው የምልሽ።»

«ማን በላኝ ታዲያ?»

«አንድ የጣሊያን ወታደር ነው አሉ፣ አስካሪ የሚሏቸው።»

«እስካሁን መጥቶ አልወሰደኝም። አመሌን ሰምቶ ትቶኝ ይሆናል።»

«ቀልጂ። ስምሽን ቡሬ ላይ እንደ አሞሌ ሲቀባበሉት አንቺ ቀልጂ። ጨው ይዞ የመጣው ሰው በጆሮው ነው የሰማ። ‹ንግሥቴን አስይዣለሁ› ብሎ ጠረጴዛውን መትቷል፣ የአንቺው ይሄይስ።»

ንግሥቴ ለአክስቷ ቀለደች እንጂ ሆዷ ሌላ ነበር። ታጨች፣ ተፈታች፣ ተጠላች ቢባል የሴት ወሬ ነው፤ ያልፋል። በካርታ ተበላች መባል ግን እንደ ስልቻ፣ እንደ ኮርቻ መቆጠር ነው። እሷ ደግሞ እንኳን ኮርቻ፣ ‹አንቺ ልጅ› መባልም አትወድም። ፊደል ማንም ሳያስተምራት ነው የቆጠረችው፤ ከየኔታ ደጅ አጥር ጀርባ በርበሬ ስታሰጣ ተማሪዎቹ የሚጮኹትን እየሰማች፣ መሬቱን በስንጥር እየጫረች። የኔታ ሰምተው «ለሴት ልጅ ምን ይሠራላታል?» ቢሉ፣ «እርስዎ ሲሳሳቱ ለማወቅ ይጠቅመኛል» ብላ መለሰችላቸው። አባቷ አያ እንዳለው አንድ ሙክት እየጎተቱ ሄደው ይቅርታ ጠየቁ።

ከይሄይስ ጋር ያገናኛትም ይኸው ምላሷ ነው። አምና፣ ወጀት ገበያ፣ በርበሬ ተራ። ያኔ ፍኖተ ሰላም ገና ወጀት ነበር የምትባለው። ዳማ በቅሎ የሚስብ ረዘም ያለ ጎልማሳ ስልቻዋ ላይ ጎንበስ ብሎ ሲያሸት ማስነጠስ ጀመረና አላባራ አለ። ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ወንድሜ፣ ሰው ሞቶብህ ነው ወይስ ልትገዛ?»

«ልገዛ ነበር» አለ እያስነጠሰ። «እንዲህ ካልሽኝ ግን እዚሁ ለቅሶ እቀመጣለሁ።»

ገዛ። በሚቀጥለው ገበያም ገዛ። በሦስተኛው ሲመጣ «ቤትህ ከበርበሬ ሌላ የሚበላ የለም?» አለችው። ቁናውን የያዘውን እጇን አየ፤ ቀና ብሎ ዓይኗን አየ፤ ከዚያ ከእሷ ቀድሞ ዓይኑን ሰበረ። ቀድሞ የሰበረው እሱ መሆኑን ወደደችለት። ወራት ሳይቆጠሩ ሽማግሌ መጣ፤ ሠርጉም ለጥምቀት ማግሥት ተቆረጠ።

ይሄይስ ሁለት በሬና ያችን ዳማ በቅሎ ይዞ የሚኖር ሰው ነው። ከእርሻው በተረፈው ጊዜ የሰው እህል በበቅሎዋ ጭኖ ቡሬ ያደርሳል። ቡሬ ላይ ጣሊያን ምሽግ ከሠራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ከምሽጉ ፊት ለፊት ጠጅ ቤት ተከፍቷል፤ አስካሪዎቹ እዚያ ካርታ ይጫወታሉ፣ ባለጭነቱም ተራው እስኪደርስ እዚያው ይቀመጣል። ሲቀመጥ የነበረውን ይዞ የተነሳ ጥቂት ነው። አንድ የማንኩሳ ሰው አምና የዘር ጤፉን ተበልቶ፣ መሬቱ ጦሙን አደረ። ሚስቱ ዛሬ በነንግሥቴ ቤት እህል ትፈጫለች።

በሚቀጥለው የወጀት ገበያ ንግሥቴ ከአባቷ ጋር ወረደች። ይሄይስም መጣ። በእግሩ ነው የመጣው፤ በቅሎዋ አብራው የለችም። ንግሥቴ ይህን ልብ አለች። አያ እንዳለው ሰላምታ ሰጥተውት፣ ነገሩ የሁለቱ መሆኑን አውቀው፣ ጅራፍ ሊገዙ ነው ብለው ፈቀቅ አሉ።

«ተበላሁ አሉኝ» አለችው በመጨረሻ። «ባለቤቴ መቼ እንደሚወስደኝ ልጠይቅህ ብዬ ነው። ልብሴን ልጠብ።»

ይሄይስ ወሬውን አልሰማም ነበር። ስትነግረው መጀመሪያ ፊቱ ጠቆረ፣ ቀጥሎ ደግሞ ሊስቅ ዳዳው። ከደረት ኪሱ አንዲት ጠንካራ ወረቀት አወጣ። ዘውድ የደፋች፣ አበባ የጨበጠች ሴት ተስላባታለች፤ ጥጓ ላይ አንድ የፈረንጅ ፊደል አለ። ንግሥቴ ፊደሉን ልታነብ ብትሞክር አቃታት። ይህም ንዴቷ ላይ ተጨመረ።

«ከካርታው ሁሉ ይቺን ንግሥት ይሏታል» አላት። «ያን ቀን ስትደርሰኝ ‹ንግሥቴን ይዣለሁ› አልኩ። አንቺን አስቤ ነው ያልኩት፣ አልዋሽሽም። ደስ ብሎኝ ነው። ‹ይዣለሁ› አልኩ እንጂ ‹አስይዣለሁ› አልወጣኝም፤ ሥላሴ ምስክሬ ነው።»

ንግሥቴ ቃሉን በልቧ ጻፈችው። ይዣለሁ። አስይዣለሁ። ልዩነቱ ሁለት ፊደል ነው። አንዱ ጨው ነጋዴ ሁለት ፊደል ጨመረና፣ ማንኩሳ እስኪደርስ እሷ ተሸጣለች። ለአፍታ ትከሻዋ ቀለለ፤ ልትስቅም ነበር። ከዚያ ካርታዋን ገልብጣ መለሰችለት።

«እኔን ካላስያዝክ ምን አስያዝክ?»

ካርታዋን መልሶ ኪሱ ከተታት።

«ይሄይስ፣ በእግርህ ነው የመጣኸው።»

«በቅሎዋን» አለ ወደ መሬት እያየ።

ጎናቸው ያለችው ሻጭ ከገዢ ጋር ትከራከራለች። ንግሥቴ የዚያችን ክርክር እስከ መጨረሻው ሰማችው፤ የምትለው ጠፍቷት ሳይሆን የምትለው በዝቶባት ነው።

«መጀመሪያ እኮ አሸነፍኩ» አላት። «አቡጀዲ አሸነፍኩ፣ ብርድ ልብስ አሸነፍኩ። ለጎጆአችን ብዬ ነው።»

«እኔም አዲስ ገዢ ሲመጣ አንድ ዛላ በነፃ አቀምሰዋለሁ። ለምን ይመስልሃል? ስለወደድኩት?»

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው የቀረኝ፣ ንግሥቴ። የአስካሪውን አጨዋወት አሁን አውቄዋለሁ። አንዱን በሬ ይዤ ብቀመጥ በቅሎዋን ከነኮርቻዋ...»

«ተው» አለችው። ድምፅዋ ዝቅ ሲል ይበልጥ ያስፈራል። «ወሬው እውነት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እኔን ብታስይዘኝ አስካሪውን አንቄው እመለሳለሁ። በሬ አፍ የለውም፤ እምቢ አይልም። እኛ ቤት የምትፈጨውን ሴት ታውቃታለህ። መጁን ስትገፋ ምን እንደምትል ታውቃለህ? ምንም አትልም። ባሏም አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የቀረው። እኔ ዝም ማለት አልችልበትም፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰው አላገባም።»

ይሄይስ ቀና አለ። ዓይኑ እንደዚያ እንደ መጀመሪያው ቀን ቀልቷል፤ ዛሬ ግን አላስነጠሰም።

«ተውኩት» አለ። «ካርታ እርም ይሁንብኝ።»

«የቡሬ ገበያ ዕለት እኛ ቤት በርበሬ ይለቀማል። መጥተህ ከእኛ ጋር ልቀም። በዚያ ቀን እግርህ ቡሬ ከሄደ ግን እዚያው ይቅር።»

«እመጣለሁ።»

«አልሄድም በል።»

«እመጣለሁ አልኩሽ እኮ።»

እጁን ቁናዋ ላይ አሳረፈ፤ እጇን አልነካም። እሷም ቁናውን አላነሳችም። አባቷ ጅራፍ ሳይገዙ እስኪመለሱ ድረስ እንደዚያው ቆዩ። እመጣለሁ እንጂ አልሄድም አለማለቱን፣ ፊደል እቆጥራለሁ የምትለው ንግሥቴ ያን ቀን አላስተዋለችም።

የቡሬ ገበያ ዕለት አዲሱን ቀሚሷን ከአሮጌው በታች ለበሰች፣ ማንም እንዳያይባት። ለቀማው በጠዋት ተጀመረ። ከማንኩሳ ቡሬ የሚያስኬደው መንገድ ከማሳው ሥር ያልፋል። አንድ ዛላ ትለቅምና መንገዱን ታያለች። ሁለት ትለቅምና ታያለች። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፤ ምሳ ቀረበ፤ ምሳ ተነሳ።

«ቡሬ ነው ያለ» አሉ እትዬ ማሚቱ፣ ከጎኗ ያለውን መስመር እየለቀሙ።

«አልጠየቅኩዎትም።»

«ጎህ ሲቀድ አንድ በሬ እየነዳ ሲያልፍ አይተውታል። እኔ ያዩትን ነው የምነግርሽ።»

ንግሥቴ መስመሯን ጨረሰች። የሌላም ሰው መስመር ጨመረች። በርበሬ በያዘ እጇ ዓይኗን አሸችና እናቷ ምን ሆንሽ ሲሏት «በርበሬ ነው» አለች። እውነትም በርበሬ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ ሙሉው ወሬ መጣ። ይሄይስ ከቡሬ መውጫ ኬላ ላይ ተይዞ ታስሯል። የተያዘው ዳማዋን በቅሎ እየሳበ ነው። በቅሎዋ ታፋዋ ላይ በጋለ ብረት የጣሊያን መንግሥት ምልክት ተተኩሶባታል፤ የመንግሥት በቅሎ ሆናለች ማለት ነው። በሬው የለም። ይህን ለመፍታት ቅኔ መማር አላስፈለገም። በሬውን በካርታ ተበልቷል፤ ባዶ እጁን መመለስ አፍሮ በቅሎዋን ሰርቋል። እትዬ ማሚቱ ራሳቸው እንኳን ምንም መጨመር አላስፈለጋቸውም።

አያ እንዳለው ልጃቸውን ሲያዩ ሁለት ቀን ዋሉና በሦስተኛው «ቡሬ ወርጄ ልጠይቅ እንዴ?» አሏት።

«ማንን? ካርታውን?»

«ልጁን ነዋ። ከአፉ ብንሰማ ምን ይለናል?»

«ከአፉ ሰምቻለሁ፣ አባዬ። እመጣለሁ ነው ያለኝ።»

ለእጮኝነት ያመጣላትን ጥበብ ቀሚስ አጣጥፋ በሽማግሌዎቹ እጅ ለእናቱ መለሰች። ጥምቀት ሊደርስ ሲል አንድ ጨው ነጋዴ ደጃቸው ቆሞ ለንግሥቴ መልእክት አለኝ አለ። ቡሬ እስር ቤት ውኃ ሲያቀብል ይሄይስን አግኝቶታል።

«‹አልተጫወትኩም በልልኝ› ብሏል።»

«እንግዲያ የተጫወተችው በቅሎዋ ናት» አለችው ንግሥቴ። «እሷም እርም ትበል በልልኝ።»

ነጋዴው ሳቀ። ግቢው ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። የምትፈጨዋ ሴት ብቻ መጁን ይዛ ቀና ብላ አየቻት። ነጋዴው ሊናገር የቀረው ነገር እንዳለው ያስታውቅ ነበር፤ ሳቁ መንገድ ሳይሰጠው ቀረና አህያውን እየነዳ ሄደ።

በዓመቱ ክንፈሚካኤልን አገባች። ደግ ገበሬ ነው፤ ገበጣ እንኳን አይጫወትም። ጥሩ ኖሩ ማለት ይቻላል፤ ምላሷን ግን ክንፈሚካኤል ስለማይመልስላት ቀስ በቀስ ለገበያ ብቻ ታወጣው ጀመር።

ጣሊያን ቡሬን ለቅቆ ሲወጣ እስረኛው ተፈታ። ንግሥቴ ያኔ ልጅ አዝላለች። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስትወጣ ይሄይስን ከቅጥሩ በር ላይ አገኘችው። ከስቷል፤ በግንባሩ ፀጉር ሽበት ጣል ጣል ብሏል። ሁለቱም ቆሙ፤ ሰው በመካከላቸው እየተጋፋ አለፈ።

«እንደምን ከረምሽ?»

«ደህና። አንተስ? ካርታው ደህና ነው?»

ፈገግ አለ፤ ሳቅ ግን አልሆነለትም። «ካርታው ከባለቤቶቹ ጋር ሄደ።»

ሕፃኑ ከጀርባዋ ዞሮ አየው። ይሄይስ ጣቱን ሰጠውና ሕፃኑ ጨበጠው።

«አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር» አለ።

«ንገረኝ።»

ጣቱን ከሕፃኑ እጅ ቀስ ብሎ አወጣ። «አሁን ምን ያደርጋል» አለ። «ደህና ሁኚ።» ወደ ግሽ ዓባይ፣ ወደ አጎቱ አገር እንደሄደ በኋላ ሰማች። ያኔ ግን ክንፈሚካኤል ከበሩ እየጠራት ነበርና ዞር ብላ አላየችም። ዞር ብላ ባለማየቷም ለብዙ ጊዜ ኮራች።

ዓመታት አለፉ። ወጀት ስሟ ተለውጦ ፍኖተ ሰላም ተባለች። ንግሥቴ እዚያው በርበሬ ተራ ትቀመጣለች። አንድ ቀን ከተራው ጀርባ ጎረምሶች ካርታ ዘርግተው ሲጯጯሁ፣ ሄዳ ካርታቸውን በእግሯ በትና ተመለሰች። ቁና ሙሉ በርበሬ ልትገዛ የቆመች አንዲት ወፍራም ሴትዮ አይታ ሳቀች። እህተ ማርያም ትባላለች፤ በጣሊያን ጊዜ ቡሬ ምሽግ ፊት ለፊት ጠጅ ቤት የነበራት ሴት ናት።

«ልፊ ቢልሽ ነው» አለቻት። «አይተዉትም። ስንቱ ቤቴ ተቀምጦ ራቁቱን ተነሳ። ወስኖ የተወ ያየሁት አንድ ሰው ብቻ ነው፣ አንድ ረዘም ያለ ባለበቅሎ። አስካሪው በቅሎውን ወስዶበት ነበር። በገበያ ቀን በሬ እየነዳ መጣልኝ። ይኸው ደግሞ ሊበላ መጣ አልኩ በልቤ። እሱ እቴ፤ ከበራፍ ሆኖ ‹በሬውን እንካ፣ በቅሎዬን ስጠኝ› አለው። ተቀመጥ አሉት፣ ሰደቡት፣ ካርታውን እጁ ውስጥ ሊያስገቡ ታገሉት። አልነካም። በቅሎዋ የመንግሥት ምልክት እንዳለባት እንኳን ልብ አላለም፣ ‹የሚጠብቀኝ ሰው አለ› እያለ ሲቸኩል። በሬውን እኔ ነኝ ጓሮ ያሰርኩት፤ ለገና አረዱት።»

ንግሥቴ ቁናውን ሞልታ ነበር። አልሰፈረችላትም።

«በስንት ሰዓት ነው የወጣው?» አለቻት።

«ኧረ ገና በረፋዱ ነው» አለች እህተ ማርያም፣ ከረጢቷን እየከፈተች። «ጠጁም አልተቀዳ።»