መርፌ አይጎድለውም

ሰው ሁሉ ሱሀይላ ብሎ የሚጠራት ባለሱቅ፣ ፍቅረኛዋ በፍቃዱ የሱቋ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ፊቱን አይታ ነገሩ እንደተበላሸ ገባት።

«አባዬ ሽማግሌ አልልክም አሉ» አላት። «‹ሱሀይላ ስትለኝ ሰማሁ አይደል? እነሱ በሃይማኖታቸው፣ እኛ በሃይማኖታችን› አሉኝ።»

አንድ ቃል ብትናገር ነገሩ በተቃለለ። እውነተኛ ስሟ በዛች ነው፤ ክርስትና የተነሳችውም ወግዲ። ሱሀይላ ደላላው ዓረብ አገር ሲልካት ፓስፖርቷ ላይ ያስጻፈው ስም ነው። ሰባት ዓመት በዚያ ስም ስትጠራ «አቤት» ብላለች፤ መካነ ሰላም ይህን የጨርቅ ሱቅ የከፈተችውም በዚያው ስም ነው። ቃሉ አፏ ድረስ መጣ፤ ዋጠችው። በዛችን አባቱም አይጠሏትም። እሷ ማወቅ የፈለገችው የእሱን ልብ ነው።

የተዋወቁት ከደሴ ሲመጡ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ሹፌሩ ሻንጣዋን ሲጭን «ድንጋይ ነው እንዴ የሞላሽበት?» ብሎ ቢያማርር፣ የፊዚክስ መምህሩ በፍቃዱ ሳቀ።

«ጨረቃ ላይ ቢሆን በአንድ እጁ ያነሳው ነበር» አላት። «ክብደት እንደ ቦታው ነው። ውስጡ ያለው ግን የትም ቢሄድ አንዲት መርፌ አይጎድለውም።»

ስሟን ሲጠይቃት ምላሷ እንደለመደው «ሱሀይላ» አለ። ዛሬ ነገ አርመዋለሁ ስትል ስምንት ወር አለፈ። በመሀል ፍቅር ገባ፤ ፍቅር ሲገባ ደግሞ ፍርሃት ተከተለው።

«አንተስ ምን አልካቸው?»

ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። በቃ፣ አለቀ፣ አለች በልቧ።

«ሽማግሌ እንዲሆኑኝ ሦስት መምህራን ለምኛለሁ» አለ በመጨረሻ። «እሁድ ወግዲ ይሄዳሉ። የማን ቤት ብለው ይጠይቁ?»

«የቄስ አለምነው።»

«የማን?»

«አባቴ ናቸው። በዛች ብለው ነው ያወጡልኝ።» ሁሉንም ነገረችው።

ፊቱ ጠቆረ። «ሚዛን ላይ አውጥተሽኝ ነበር?»

«መጀመሪያ ልማድ ነበር፣ ኋላ ፍርሃት። ዛሬ ግን አዎ፣ መዘንኩህ።»

ስልኩን አወጣ። «ለአባዬ ልንገራቸው። አሁኑኑ ይፈቅዳሉ።»

እጁን ያዘችው። «ለበዛች ከፈቀዱ፣ ሰባት ዓመት የሰው ቤት ስታጥብ የኖረችው ሱሀይላ የት ትውደቅ? እሷም እኮ እኔ ነኝ፣ በፍቃዱ።»

ስልኩን ኪሱ ከተተና ሳይሰናበታት ሄደ።

እሁድ በዛች ወግዲ፣ ከአባቷ ቤት ጓዳ ቆማ ጆሮዋን ቀስራ ዋለች። እስከ ቀትር ማንም ዝር አላለም። አይመጡም ብላ ተስፋ ስትቆርጥ ውሻው ጮኸ። ሦስት ሰዎች ገብተው ቆሙ፤ ቁጭ በሉ ቢባሉም እምቢ አሉ።

«አባታችን፣ ልጅዎን ሱሀይላን ለልጃችን ለበፍቃዱ ፈልገን ነው የመጣነው።»

ያ ስም በዚህ ቤት ተጠርቶ አያውቅም።

ቄስ አለምነው ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ።

«ይህ ቆርቆሮ የተገዛው በዚያ ስም በተላከ ገንዘብ ነው» አሉ። «እሷም ልጄ ናት። በሉ፣ አሁን ተቀመጡ።»