የአውራው እውነት

በእንጨት ሥራ ቤቱ ውስጥ የአናጺው ቅጽል ስም «አውራው» ነበር። ስሙን ያወጣለት ጓደኛው ቀለም ቀቢው ነው። አናጺው ምሳ ሰዓት ላይ ስለሴቶቹ ሲያወራ አይጣል ነው! አንዷ ስታለቅስለት፣ ሌላዋ በር ላይ ስትጠብቀው... እውነቱ ግን፣ ሀያ ሰባት ዓመት ሞልቶት የሴት እጅ እንኳ በወጉ ይዞ አያውቅም።

አንድ ቀን የሶፋ ልብስ የምትሰፋ ልጅ ተቀጠረች። አንድ ሶፋ አብረው ሲያነሱ ዓይኑን ከፊቷ መንቀል አቃተው።

«አንተ፣ ሶፋው በእኔ በኩል ብቻ ነው እንዴ የተነሳው?» ብላ ሳቀች።

አለቀለት። ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ እስከ ደጇ ይሸኛት ጀመር። ደጇ ላይ ሲደርሱም መለያየት ያቅታቸዋል።

ጓደኞቹ ግን አላስቀምጥ አሉት። «መሸኘት ብቻ? ወንድ አይደለህም እንዴ!» ቅዳሜ ቀን ቀቢው የወንድሙን ክፍል ቁልፍ አስጨበጠው፤ «ለጉልበት» ብሎ አንድ ክኒንም ጨመረለት።

ልጅቷን «ጓደኛዬ ቤት ትንሽ እንጫወት» ብሎ ወሰዳት። በሩ እንደተዘጋ፣ በወሬው ላይ እንደሚያደርገው ጎትቶ አቀፋት። ትከሻዋ እንጨት ሆነ። ደንግጦ ለቀቃት። ክኒኑን አልዋጠውም፤ ኪሱ ውስጥ ነው።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ። «ስለእኔ የሰማሽው ሁሉ ውሸት ነው። ከማንም ጋር ሆኜ አላውቅም።»

ሳቋ አመለጣት። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«በሞትኩት! ባንተ አይደለም የሳቅኩት» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «‹እኔ ደግሞ ስንተኛዋ ልሆን ነው?› እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ታዲያ ለምን አመጣኸኝ?»

«ፈሪ እንዳይሉኝ።»

«እነሱን ተዋቸው። አንተስ ምን ትፈልጋለህ?»

አሰበ። «አጠገብሽ መቀመጥ።»

«እሱማ ቀላል ነው» ብላ ቦታ ለቀቀችለት።

ሰኞ ጠዋት ሁሉም ከበቡት። «በል አውራው፣ አጫውተን!»

ጥግ ላይ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ቆመ።

«የእሷና የእኔ ነገር የምሳ ወሬ አይሆንም» አለ። «ሌላውንም ከራሴ ነው የፈጠርኩት። ሴት አላውቅም።»

ሳቁ ቤቱን ሊያፈርሰው! ጆሮው ጋለ፤ ግን ከላዩ ላይ አንዳች ሸክም ሲወርድ ተሰማው።

ከምሳ በኋላ ቀቢው ጓሮ ተከትሎት መጣ። ግራ ቀኙን አየና፣ «ያን ክኒን ለራሴ ነበር የገዛሁት» አለ ቀስ ብሎ። «ሚስቴ ዘንድ ስገባ እንዳላፍር እፈራለሁ።»

«ነግረሃታል?»

«ወንድ ልጅ እንዲህ ይላል እንዴ?»

«እኔ ዛሬ አልኩ። ይኸው፣ አልሞትኩም።»

«እሺ፣ ዛሬ ማታ እነግራታለሁ» አለ ቀቢው።

ሥራ ሲያበቃ ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ትንሽ እንደሄዱ፣ «እናቴ ‹ይሄ የሚሸኝሽ ልጅ ማነው?› አለችኝ» አለች።

«ምን አልሻት?»

«‹የማገባው ነው።› ዋሸሁ?»

ወሬ አሳማሪው አናጺ በወሬው እንኳ እንዲህ ያለ ነገር ፈጥሮ አያውቅም።

«አልዋሸሽም!» ብሎ ሲጮህ፣ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየው።