ዶሜይኔን ያስመዘገበልኝ ሚዜ

ውሸት ነው የምትሉ እለፉት፤ አልቀየማችሁም። እኔ ግን በገዛ ዓይኔ አይቻለሁ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ጠራራ ፀሐይ። ከአባቴ በወረስኩት ፎቶ ቤት ውስጥ ብቻዬን ተቀምጫለሁ።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ያነሳቸው ፎቶዎች ዌብሳይታችን ላይ ናቸው። ዋናዎቹን እሳት በልቷቸዋል። ሌላ ቅጂ የለኝም... ሞኝ በሉኝ።

የዌብሳይቱን ስም፣ ማለትም ዶሜይኑን፣ ያስመዘገበልኝ ሚዜዬ ነበር።

"አንተ ፎቶህን አንሳ፣ ይሄን ለእኔ ተወው" አለኝ።

"በእኔ ስም ነው አይደል?"

እንደ ልማዱ ጉሮሮውን ጠረገ። እህም... እህም...

"እናቴ ትሙት! ታዲያ በማን ሊሆን ኖሯል?"

ባለፈው ክረምት ሞተ። አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ። እንደ ወንድሜ ነው ያለቀስኩለት።

ዛሬ፣ ፎቶ ቤቱ ውስጥ እንደተቀመጥኩ፣ ዌብሳይቱ አልከፈት አለኝ። ዶሜይኑ የተመዘገበበት ድርጅት ጋ ደወልኩ።

"ጌታዬ፣ ዶሜይኑ በእርስዎ ስም አይደለም" አለች ስልኩን ያነሳችው ልጅ። የሚዜዬን ስም ጠራችልኝ።

ደሜ ፈላ። እናቱን እየገደለ ምሎልኝ!

"ሰውዬው እኮ ሞቷል!"

ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ጌታዬ... አሁን በሌላኛው መስመር ላይ ናቸው።"

"ማን?"

"ባለ ዶሜይኑ። የጠየቅናቸውን ሁሉ በትክክል መልሰዋል። እርስዎን ግን... 'አላውቀውም' ነው የሚሉት።"

ከበስተኋላዋ በደንብ ሰማሁት።

እህም... እህም...

ስልኩን ዘጋሁት። ዌብሳይቱን እንደገና ሞከርኩ።

ተከፈተ!

ፎቶዎቹ ሁሉ አሉ። ተመስገን አልኩ። የልጅነት ፎቶዬን ፈልጌ አወጣሁ።

እናቴ ጉልበት ላይ የተቀመጠው ልጅ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው።

እኔ ጠባሳ የለኝም። ሚዜዬ ነው ያለው።

የሰርጌን ፎቶ ከፈትኩ። ከሚስቴ ጎን ሙሽራ ሆኖ የቆመው እሱ ነው። እኔ በሚዜ ቦታ እንኳን የለሁም።

ሰውን ማመን ቀብሮ ነው ይላሉ። እኔስ ቀብሬው አልነበረም እንዴ?

"አንተ ከሃዲ!" ብዬ ጮህኩ።

በሩ ተከፈተ። ሚስቴ ናት። አየችኝና... ወደ ኋላ አፈገፈገች።

"ምነው? እኔ ነኝ እኮ!"

ዓይኗን ከእኔ ላይ ሳትነቅል ስልኳን አውጥታ ደወለች።

"ቶሎ ድረስልኝ" አለች በሹክሹክታ። "የማላውቀው ሰው ፎቶ ቤታችን ገብቷል..."

የመለሰላት ድምፅ ግን ከስልኳ ብቻ አልመጣም። ከውስጠኛው ክፍል፣ ከመጋረጃው ጀርባም ተሰማኝ።

እህም... እህም...

ሚስቴ እፎይ አለች።

"ውይ፣ እዚሁ ነህ እንዴ?"

መጋረጃው ቀስ ብሎ ተገለጠ። በገለጠው እጅ ጣት ላይ የቃል ኪዳን ቀለበቴን አየሁት።

የእኔን ጣት ዳሰስኩ... ባዶ ነው።