የእትዬ ታደሉ ቁም ሳጥን

እኔ ቆቦ ውስጥ አሮጌ የቤት ዕቃ እያደስኩ የምኖር ሰው ነኝ፣ ድምፅ ጠራኝ፣ ጥላ ታየኝ የሚል ሲገጥመኝ «ሂድና ውሃ ጠጣ፣ ሙቀቱ ነው» እል ነበር፣ የአገራችንን ፀሐይ ታውቋት የለ። አሁን ግን እንደዚያ ማለት ትቻለሁ፣ ስሙኝማ።

ከቆቦ አለፍ ብሎ ሮቢት የሚኖሩ፣ እትዬ ታደሉ የሚባሉ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት፣ ልጃቸውን ሊድሩ ነበርና «ይሄን ቁም ሳጥን ወልውለህ አብራልኝ፣ ይዛው ትሂድ» ብለው አስጠሩኝ። የድሮ ዋንዛ ነው። በቆርቆሮ የሚሸጠውን መወልወያ አልፈለግኩትም፣ እሱ ላዩን ያብለጨልጫል እንጂ ለአሮጌ እንጨት አይሆንም፣ ንጹሕ የንብ ሰም አቅልጬ ትንሽ የተልባ ዘይት ጠብ አደረግኩበት።

ረፋድ ላይ በረንዳው ላይ አውጥቼ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፣ ከዚያ ሰሙን በጨርቅ እየነከርኩ የእንጨቱን መስመር ተከትዬ ማሸት ጀመርኩ። እመኑኝ፣ ሰሙ ሲገባበት አቧራ የሸፈነው ሁሉ ወጣ፣ በሩ በውጭ በኩል ተወቅጦ ሰርጉዷል፣ በውስጥ በኩል ተቧጭሯል። አይጥ ናት ብዬ በሩን ገጥሜ ማሸቴን ቀጠልኩ።

መጀመሪያ ጭር ጭር የሚል ነገር ሰማሁ። ቀጥሎ ትንፋሽ። ቀጥሎ የወጣት ሴት ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፦

«በማርያም፣ ክፈትልኝ።»

ቁልፉ የተሰበረ በር ነው፣ በጣት ይከፈታል። እኔ ግን፣ አትፍረዱብኝ፣ ደሜ ፈላ፣ ድምፁን ጠላሁት። የእንጨት መዶሻዬን አንስቼ «ዝም በይ!» እያልኩ በሩን ወቀጥኩት፣ ስትለምነኝ መታሁ፣ ስታለቅስ መታሁ፣ ጣቴ ተልጦ ደሜ ከሰሙ ጋር ተለወሰ፣ ዶሮ ለማረድ እንኳ ጎረቤት የምጠራው ሰውዬ! ድምፁ ጸጥ ካለም በኋላ አላቆምኩም።

እትዬ ታደሉ ሮጠው መጥተው ክንዴ ላይ ተንጠለጠሉ፣ ወርውሬ ከግድግዳው ጋር አጋጨኋቸው፣ ግንባራቸው ተሰነጠቀ።

«በማርያም፣ ተው!» አሉኝ።

ያው ድምፅ ነው። ያረጀ ብቻ። መዶሻው ከእጄ ወደቀ።

ደማቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «ሰማሃት እንዴ?» አሉ።

«ማንን?»

«እኔን ነዋ። በሙሽርነቴ ባሌ እዚያ ውስጥ ይዘጋብኝና ዝም እስክል ይወቅጠው ነበር። እሱ እንኳ ዝም ስል ይተወኝ ነበር።»

በሩን ከፈትኩት፣ ባዶ ነው።

«ታዲያ ይሄን ለልጅዎ ይሰጣሉ?»

«ካበራ ጠባሳው አይታይም ብዬ ነበር» አሉና አለቀሱ።

ያንኑ ዕለት ጓሮ አውጥተን ፈልጠን አቃጠልነው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ድምፁ አይደለም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጸጥ ያለች ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። ያ ደስታ የማን ነው? ባልየው ሞቷል ይላሉ። ትናንት ሚስቴ ከጓዳ ስትጠራኝ፣ እጄ ሳላዘው ተጨበጠ።