የሃምሳ አለቃ ሄንሪ መርዶ

በሰኔ ወር 1934 ዓመተ ምሕረት፣ ጀምበር ስትወጣ፣ ከሰሜን አፍሪቃ በረሃ ተነሥቶ በጠላት መርከቦች ላይ የዘመተ አንድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሳይመለስ ቀረ፤ በጅራቱ በኩል መትረየስ ይዞ የተቀመጠው የጆሃንስበርጉ ተወላጅ ሃምሳ አለቃ ሄንሪ ፔንሮዝም በሃያ አንድ ዓመቱ ከነጓዶቹ ሜዲትራኒያን ባሕር በላው። ቴሌግራሙ ሲደርስ እናቱ አንብባ ሸሸገችው፤ የአሥር ዓመቷን እኅቱን ዶሮቲንም «ይመጣል» እያለች አሳደገቻት፤ እስክትሞትም ቃሏን አላጠፈችም።

እነሆ በ2018 ዓመተ ምሕረት ዶሮቲ ዘጠና አራት ዓመቷ ነው፤ አእምሮዋም ወደ ልጅነቷ ተመልሷል። በዚያ አጥንት በሚሰብር የጆሃንስበርግ የሰኔ ብርድ በር ላይ ተቀምጣ «ወንድሜ ሳይመጣ አልበላም» ብላ ድርቅ አለች። ኢትዮጵያዊቷ አስታማሚዋ ሙርሺዳ እንደ አገሩ ወግ «ጎጎ»፣ አያቴ፣ እያለች ብትለምናት፣ ብትቆጣት፣ አልሆን አላት፤ ሴትዮዋ ዓይኗ እያየ ልታልቅባት ነው። ቴሌግራሙን ከአሮጌ የስፌት ሳጥን ውስጥ ያገኘች ዕለት ግን ነገሩ የገባት መሰላት፤ ወዲያው ከከተማዋ ወጣ ብሎ ባለው በቶኮዛ ሰፈር ለሚኖሩት አባቷ ለሐጂ አብዱልጀባር ደወለች።

«አባባ፣ ለካ ጎጎን ያረዳት ሰው የለም!»

«ሰማንያ ዓመት ሙሉ? ወይ ጉድ! እንዴት ሰው ሳይረዳ ይቀመጣል?»

በነጋታው ማለዳ ሐጂ፣ በስደት አገር ለስንቱ ቤት መርዶ ያደረሱት ሰው፣ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ፤ በወጉ ተቀምጠው፣ በሙርሺዳ አስተርጓሚነት አረዷት።

«እማማ፣ ሄንሪን አምላክ ወስዶታል። አላህ ሶብሩን ይስጥዎት።»

ዶሮቲ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቃ አለቀሰች። «እናቴ ሰምታለች?» ብላ ስትጠይቅ ሽማግሌዎቹም አብረዋት አነቡ። ከዚያ ሾርባ ቀመሰች፤ ሙርሺዳም እፎይ አለች።

ገና ሳህኑ ሳይነሣ አሮጊቷ ቀና ብላ እንግዶቹን አየቻቸው።

«እነዚህ ጌቶች እነማን ናቸው? ሄንሪ ነው የላካቸው?»

ሙርሺዳ ተርጉማ አባቷን አየች፤ ሐጂ አንገታቸውን ደፉ።

«ልጄ፣ እኔ አንድን ሰው ሁለቴ አርድቼ አላውቅም» አሉ፤ ቀጥለውም፣ ዋሽተው የማያውቁት ሰው፣ «አዎ በያት። ሰላም ብሎሻል በያት» አሏት።

ሙርሺዳም እንደተባለችው ነገረቻት። አሮጊቷ ፊቷ በራ፤ ሙርሺዳ ግን ሳህኑን ይዛ ጓዳ ገብታ አለቀሰች፤ ሌላ ምን ታድርግ?

የጦሩ መዝገብ የሃምሳ አለቃውን ስም፣ ማዕረግና የጠፋበትን ቀን አልሳተም። በጆሃንስበርግ አንድ ማለዳ እንደተለቀሰለት ግን ያዩት አምስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ከእነርሱም እኅቱ ረስታዋለች።