በቡሽራ ግቢ የተቆፈረው ጉድጓድ

ፍቅሬ የሞተው ራሱ ባስቆፈረው የባዮጋዝ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ኢንስፔክተር ኑሰይባ ማለዳ ፒያሳ፣ ከሰፈሩ ቤቶች ፈረሳ ወደ ተረፈው የላም እርባታ ግቢ ስትደርስ ሬሳው ገና ከእበቱ አልወጣም ነበር።

ሟቹ የግብርና ተመራማሪ ነበር። የእበት ጋዝ የዓለምን አየር ከሚያሞቅ ይልቅ ምድጃ ገብቶ ወጥ ይሥራ እያለ ዕድሜውን የፈጀ ሰው። በማግስቱ ስድስት ኪሎ በሚደረግ ስብሰባ፣ እንዲህ ያለው ጉድጓድ በየክልሉ እንዲቆፈር ሊወሰን ነበር።

ግቢው ውስጥ ሚስቱ የሺዓለም፣ የላሞቹ ባለቤት ጋሽ ቡሽራና የሥራ ባልደረባው ዳኒኤል ቆመዋል። ሦስቱም ጋዙ አፍኖት ነው አሉ። የጉድጓዱ ክዳን ተነሥቶ መሰላል ገብቶበታል፤ ከአጠገቡም ከላይ በእጀታ የሚዞረው የእበቱ ማማሰያ ይታያል።

«ማማሰያው አልዞር ብሎት ሊያስተካክል ወርዶ ይሆናል» አለ ዳኒኤል።

ኑሰይባ ጎንበስ ብላ መሰላሉን አየችው። ትናንት ከቀትር እስከ ምሽት ዘንቦ ግቢው ጭቃ ሆኗል፤ የመሰላሉ መርገጫዎች ግን ንጹሕ ነበሩ። ሬሳው ሲወጣ ደግሞ ኮቱ በማማሰያው ክንፍ ላይ ተጠምጥሞ ስለነበር ማውለቅ ግድ ሆነ።

ጋሽ ቡሽራን ለብቻቸው ጠየቀቻቸው። ማታ ላሞቹን አልበው ወደ ቤታቸው ከመሄዳቸው በፊት የማማሰያውን እጀታ ራሳቸው እንዳዞሩት፣ እንደ ወትሮው እንደዞረላቸው ነገሯት። የሺዓለም ባሏ ሰሞኑን እህል አልቀምስ ብሎ እንደሰነበተ አወራቻት። «የጉድጓዱ ክዳን ተሰንጥቆ ጋዙ ሳይነድ ወደ ሰማይ ያመልጣል፤ ከድሮው ይልቅ አባስነው፤ ስብሰባው ላይ ለሁሉም እናገራለሁ» ይል ነበር። ማታ ግቢው አድራለሁ ብሏት ወጣ።

ኑሰይባ ሦስቱንም በረቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ፍቅሬ በመሰላሉ አልወረደም» አለች። «ቢወርድ ኖሮ የጫማው ጭቃ መርገጫው ላይ ይቀር ነበር። ገፍተው ነው የጣሉት፤ መሰላሉ ኋላ ነው የገባው። ማማሰያው ደግሞ ማታ ደኅና ነበር፤ የያዘው የሟቹ ኮት ነው። እንደማይዞር ሊያውቅ የሚችለው፣ ፍቅሬ ከወደቀ በኋላ እጀታውን የሞከረ ሰው ብቻ ነው።» ወደ ዳኒኤል ዞረች። «አንተ ሬሳው ሳይወጣ ነው የነገርከን። ለምን አዞርከው?»



«አንድ ዓመት ታገሠኝ፣ እናበጀዋለን ብዬ ለመንኩት። ስብሰባው ላይ ካፈርን ዳግም የሚሰማን የለም አልኩት» አለ ዳኒኤል። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «ከወደቀ በኋላ ስሜን ይጠራ ነበር። ዝም እንዲልልኝ ነው።»

የሺዓለም አላለቀሰችም። በማግስቱ ስብሰባው ላይ ቆማ ባሏ ሊናገር ያሰበውን ተናገረች። ሊወስኑ የመጡት እንግዶች ምንም ሳይወስኑ አንድ በአንድ ተነሥተው ወጡ። ጋሽ ቡሽራም በዚያው ሳምንት ጉድጓዱን በአፈር አስደፈኑት፤ እበቱ እንደ ድሮው ከበረቱ ኋላ፣ ዝናብ እየመታው መከመር ጀመረ።